ገብረ ክርስቶስና የሥጋ ደዌ ሕሙማን

ሥጋ ደዌ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የኃጢአት ቅጣት ወይም በዘር የሚወረስ እርግማን ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 14 ቀን የምታስበው ጻድቅ፣ ገብረ ክርስቶስ፣ ደዌውን ራሱ ለምኖ የተቀበለ ነው። በገድሉ እንደሚተረከው የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ነበር፤ በሠርጉ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ መልኩ እንዲለወጥና ሥጋው በቁስል እንዲመታ ጸለየ፤ በመጨረሻም ማንም ሳያውቀው በአባቱ ደጅ ለማኝ ሆኖ ኖረ። በአውሮፓ አሌክሲየስ የሚባለው ይኸው ጻድቅ በአብዛኛው ድኻ እንጂ ሕመምተኛ አይደለም።

የልዩነቱ ትርጉም ቀላል አልነበረም። ደዌ ጻድቁን ካላረከሰው፣ ሌላውን ሕመምተኛ ኃጢአተኛ የሚያሰኝ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ሕሙማን በሰፈሩበት፣ በስሙ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን መገኘቱ አያስገርምም። አክብሮቱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብዙም አልራቀም፤ ሕመምተኛው ምጽዋት ቢያገኝም ከትዳርና ከማኅበር መገለሉ አልቀረለትም።

ፈውስ በሌለበት ዘመን ትዕግሥትን ማስተማር ምክንያት ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ ከመከረ ወዲህ ግን ሕመሙ ይድናል፤ በመዘግየት የተጎዳ ነርቭ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በጠበል ብቻ የሚያልፉ ወራት ጣትና ዓይን ያስከፍላሉ። የገረጣና ስሜት ያጣ የቆዳ ምልክት አይቶ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ካህን ከገድሉ ጋር የሚጋጭ ነገር አላደረገም።