መልካ ቁንጡሬ፦ ከማረሻው በታች

ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና ላይ የጅማን መንገድ ለቆ ወደ ቡታጅራ የሚታጠፍ መኪና ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቀ አዋሽን ይሻገራል። ወንዙ ግራና ቀኙ ማሳና ግጦሽ ነው። በዚያ አፈር ውስጥ ግን ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የኖሩ ሰዎች መሣሪያና ያረዷቸው አራዊት አጥንት ተደራርቦ ተቀብሯል።

በፈረንጆቹ 1963 ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ዴከር መልካ ቁንጡሬ የሚባለውን ይህን ቦታ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን፣ ከ1999 ወዲህ ደግሞ ጣሊያኖች ቆፈሩት። በዚሁ ቦታ ጋርባ በተባለው ክፍል የተገኘው የሕፃን መንጋጋ የሆሞ ኢሬክተስ እንደሆነ፣ ዕድሜውም 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ በ2023 የወጣ ጥናት አመለከተ። ጎምቦሬ ላይ ከ700,000 ዓመት በፊት ትልልቆችና ሕፃናት ጭቃ የረገጡበት ዱካ አለ። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ስምቢሮ ነው። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ ባልጩት እየጠረቡ የእጅ መጥረቢያ ያወጡ ሰዎች፣ እንደ መስታወት የሚሰባበረውን ድንጋይ ሳያበላሹ የመጥረብን ሙያ ተክነውት ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጩት የተባለውን ስፍራ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የጥበቃው ዕዳ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዲጠብቅ ያዛል። በ6 ወር ውስጥ እርምጃ ካልተወሰደ ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ይወጣል። ጠባብ ማሳ ላለው ገበሬ 6 ወር ማለት ዘር ተዘርቶ፣ አረም ታርሞ፣ አዝመራ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። አዋጁ ላስረካቢው ሽልማት ይፈቅዳል፤ ሽልማት ግን ያልተዘራን ጤፍ አይተካም።

ላሊበላ ላይም ዕዳው በነዋሪው ላይ ወድቋል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች፣ የዓለም ባንክ በደገፈው ፕሮጀክት ኩራኩር ወደሚባል ሰፈር ተዛውረዋል። እነዚያን ውቅር ድንጋዮች ለዘመናት እየተሳለሙ የጠበቁት የአካባቢው ሰዎች መሆናቸው በዕቅዱ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ነበረው? ጎረቤትን ማራቅ ቅርስን ዘብ አልባ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን በሚከበው በሸገር ከተማ ተጠቃልለዋል። ከተማ ሲስፋፋ ድንጋይና አሸዋ ይፈልጋል፤ መሬቱም ይወደዳል። መልካ ቁንጡሬ ላይ ግን ከሻቫዮን ዘመን ጀምሮ አካፋና ብሩሽ ይዘው የቆፈሩት፣ ጎጆ መሳዩን የቦታውን ሙዚየም የሚጠብቁት የመንደሩ ልጆች ናቸው። አፈሩን በእጃቸው ያውቁታል። ስለዚህ የጥበቃው ወሰን፣ መሬት ለባለሀብት ከመሰጠቱ በፊት፣ በየቀበሌው ስብሰባ ላይ በካርታ ይታይ። እርሻ የሚታገድ ከሆነም ካሳው ዘር ከመዘራቱ በፊት ይከፈል፤ ከመግቢያ ክፍያው ድርሻ ለቀበሌው ይመደብ።