በሽሎ ላይ ጀልባ መቅዘፍ ይቻላል? ለጀማሪ የሚሆን ወንዝ በምን ይለያል?

ቲክቶክ ላይ ሰዎች ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት አድርገው፣ በጎማ ጀልባ አረፋ በሚደፍቅ ወንዝ እየጮኹ ሲወርዱ አይታችኋል። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ በዞረ ቁጥር ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን በውስጥ መስመር የምትልኩልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኛም ጋ እኮ በሽሎ አለ፣ ዓባይ አለ። ለጀማሪ የሚሆን ቦታ የለም ወይ?»

አጭሩ መልስ፦ ከአርብ ገበያ በታች ያለው ውሃ ለጀማሪ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ማወቅ ግን ጀልባ ለማያምረውም ሰው ይጠቅማል፤ ወንዙን በእግሩ የሚሻገረው ብዙ ነዋ።

መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ውሃ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ በቀዛፊዎች ዘንድ «ነጭ ውሃ» ይባላል። ክብደቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ1 እስከ 6 ይመደባል። ደረጃ 1 ማለት ትንሽ ሞገድ ብቻ ያለው የሚፈስ ውሃ ነው። ደረጃ 2 ላይ ሞገዱ ይጨምራል፣ ግን መውጫው ሰፊና ከሩቅ የሚታይ ነው። ጀማሪ ራሱን ችሎ የሚቀዝፈው እስከዚህ ድረስ ነው። ከ3 ጀምሮ ልምድ ይጠይቃል፣ 5 ለባለሙያ ብቻ ነው፣ 6 ደግሞ ነፍስን አስይዞ የሚሞከር ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ዋናው ጥያቄ «ብገለበጥስ?» የሚለው ነው። ኡጋንዳ ጂንጃ ላይ ነጭ ዓባይ በጣም ኃይለኛ ሞገድ አለው፤ ሆኖም ጀልባ ይዘው የማያውቁ ቱሪስቶች ከአስጎብኚ ጋር ይወርዱበታል። ምክንያቱም ውሃው ጥልቅና ሞቃት ነው፣ ከሞገዱ በኋላ ረጅም የረጋ ውሃ ይመጣል፣ የወደቀን ሰው የሚለቅሙ ካያኮችም ከጎን ይከተላሉ። ዳሩ ላይ መንገድና መኪና አለ። ይህ ሁሉ በሌለበት ወንዝ ደረጃ 2 የሆነው ቦታ ራሱ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የታች ጋይንት ውሃ ቁልቁል ወርዶ በሽሎ ይገባል፣ በሽሎ ደግሞ ስማዳን ከደቡብ ወሎ እየለየ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። እስቴና ስማዳ ከጎጃም ጋር የሚዋሰኑት በዓባይ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዓባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። የ1,300 ሜትር ቁልቁለት ማለት ነው። ያውም ግራና ቀኙ ገደል በሆነ በረሃ ውስጥ። አንዴ ከገባችሁ በየኪሎ ሜትሩ መውጫ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ አዞ አለ።

ይህን ውሃ የሞከሩት እነማን እንደሆኑ ማየት በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ፣ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን በዓባይ ወረደ። ወታደር፣ ሬዲዮና አውሮፕላን ይዞ እንኳ አንድ አባሉን ውሃ ወሰደበት፤ እሱም የሞተው በጀልባ ሳይሆን ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። በ1972 ማይክ ጆንስና ሚክ ሆፕኪንሰን የነበሩበት የካያክ ቡድን መጣ። ከዚያ በኋላ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ተነስተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ወንዝ ላይ የጨረሱ ናቸው።

«በበጋ እኮ በሽሎ ጉልበት አይሞላም» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በሽሎን በእግሩ ነው የተሻገረው። ነገር ግን ጉልበት በማይሞላ ውሃ ጀልባ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሄድም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ያው ወንዝ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል፣ ክረምቱ ሲወጣ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ደህና ሊመስሉ ይችላሉ፤ ደራሽ የሚመጣው ግን ያን ጊዜም ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ላይ ጋይንት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ እግራችሁ ሥር ይደርሳል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንዳት ከጀመረ፣ ቶሎ ውጡ። (የጸጥታውን ሁኔታ ሳንጨምር ነው ይህን ሁሉ የምንለው።)

ታዲያ መቅዘፍ ያማረው የት ይሂድ? ከእኛ አካባቢ ቅርቡ ጣና ነው። የረጋ ውሃ ላይ ሚዛን መጠበቅ፣ ማዞር፣ ተገልብጦ መውጣት ሳይለመድ ነጭ ውሃ አይገባም። ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ከሚያውቅ ባለታንኳ ጋር መጀመር ይቻላል። ግን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል አትጠጉ፤ ጉማሬ አለ። ወንዝ ካላችሁ ደግሞ አገራችን ውስጥ የጎማ ጀልባ ጉዞ ታሪክ ያላቸው አዋሽና ኦሞ ናቸው። የአሜሪካው ሶቤክ ድርጅት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 በእነዚህ ወንዞች ነው። ኦሞ ላይ ግን የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳትነሱ፤ ብዙው የቀድሞ መስመር ዛሬ የግልገል ጊቤ 3 ሐይቅ ሆኗል።

አሁን ለሁላችንም የሚሆነው። የሚፈስ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ስለዚህ «ዋና እችላለሁ» ብዙ አያስተማምንም፤ ፈጣን ውሃ ከጉልበት ካለፈ ጎልማሳውንም ይጥላል።

ከወሰዳችሁ ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ከላይ ደፍቆ ይይዛል፤ ቀዛፊዎች በጣም የሚፈሩት አንዱ ይህን ነው። በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እግራችሁን ወደሚፈስበት አቅጣጫ አድርጉና የእግር ጣታችሁ ከውሃው በላይ ይታይ። ከውሃው ጋር አትታገሉ፤ ወደ ዳር በሰያፍ ዋኙ። ትልቅ ድንጋይ ካለ ከጀርባው ውሃው ስለሚረጋ እዚያ ግቡ። የወደቀ ዛፍ ከፊታችሁ ከመጣ ግን በእግር አይሆንም። ዞራችሁ በፊት ለፊት ወደሱ ዋኙና በደረት ላዩ ላይ ውጡ፤ ቅርንጫፉ ሥር የገባ አይወጣም።

ዳር ያላችሁ ደግሞ ዘላችሁ አትግቡ። ገመድ ወርውሩ፤ ጫፉ ላይ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ቢታሰር ሩቅ ይሄዳል፣ ይንሳፈፋልም። ገመዱን በእጃችሁ ያዙት እንጂ ወገባችሁ ላይ አትሰሩት፤ እጃችሁ ላይም አትጠምጥሙት። እሱን ውሃው ካሸነፈው እናንተንም ይዞ ይሄዳል።