አራቱ ላባዎችና የመተማው ዘመቻ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሜሰን «አራቱ ላባዎች» የተሰኘውን ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመ። ባለታሪኩ ሃሪ ፌቨርሻም ከወታደር ቤተሰብ የተወለደ ወጣት መኮንን ነው። ጦሩ ሊዘምት ሲል ሹመቱን ይለቃል፤ ሦስት ጓደኞቹና እጮኛውም የፈሪነት ምልክት የሆነውን ነጭ ላባ ይሰጡታል። እርሱም ማንነቱን ሰውሮ ወደ ሱዳን በረሃ ይገባል፤ ጓደኞቹን አድኖ ክብሩን ያስመልሳል። ሆሊውድ ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1929 በድምፅ አልባ ፊልም ሲሠራው፣ ከአዘጋጆቹ ሁለቱ ሜሪያን ኩፐርና ኧርነስት ሾድሳክ ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ለአገራችን እንግዳ አልነበሩም። ከዚያ ቀደም ብለው አዲስ አበባ መጥተው አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪንና ወታደሮቻቸውን በፊልም አንሥተዋል። ያነሡት ፊልም ግን በመልስ ጉዟቸው መርከባቸው በእሳት ስትጋይ ጠፋ።

«አራቱ ላባዎች» የሚያሳየው ጦርነት በእኛ አነጋገር የደርቡሽ ጦርነት የምንለው ነው። ኢትዮጵያ ወደዚህ ጦርነት የገባችበት መንገድ በፊልሙ አይታይም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተፈረመው የሂዊት ውል፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በደርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ የምፅዋም ወደብ ለንግዳቸው ሊከፈት ቃል ተገባላቸው። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። ምፅዋን ግን በ1877 ዓ.ም. በእንግሊዝ ይሁንታ ጣሊያን ያዘቻት። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ደርቡሽን ድል አደረጉ፤ የደርቡሽም ቂም ለኢትዮጵያ ተረፈ። በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም።

በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ሦስት ግንባር ገጠማቸው፤ ጣሊያን፣ ደርቡሽ፣ እንዲሁም በእርሳቸው ላይ ያደሙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ። ከወግዲ ቆላ ዓባይን አሻግረን የምናየውን ጎጃምን በጦር ቀጡ። በዚያው ሰሞን ግን ለደርቡሹ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ፤ ድኃው በከንቱ እንዳይተላለቅ፣ ይልቁንም በአውሮፓውያን ላይ እንዲተባበሩ ጠየቁ። የተመለሰላቸው ስድብ ነበር። ዮሐንስን ጦርነቱን ሳይሹ ወደ ግዴታቸው የሄዱ ዘማች የምላቸው ስለዚህ ነው። ሸዋን ትተው ወደ መተማ ዞሩ። በመጋቢት ወር ድሉ እጃቸው ሊገባ ሲቃረብ በጥይት ቆስለው ሞቱ፤ አስከሬናቸው ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

በወሎ ምድር ቆሜ ይህን ስናገር፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ በግድ እንዲጠመቅ ያዘዙት እኚሁ ንጉሥ መሆናቸውን አልዘነጋም። የፊልሙ ጀግና ላባዎቹን መልሶ ከነቀፋ ነጻ ይወጣል፤ የታሪክ ሰው ግን እንዲህ አይቀለውም። የመተማው መሥዋዕትነት የወሎንና የጎጃምን እንባ አያብስም፤ እንባውም መሥዋዕትነቱን አያስክድም። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የተቃጠለው ፊልም አይመለስም። አያቶቻችሁ ከአባቶቻቸው የሰሙት ቃል ግን ዛሬም በአንደበታቸው አለ። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሚወደሰውንም የሚወቀሰውንም ሳትመርጡ ጻፉ።