በሰንበት ላሟን ማን ይለባት?

ላም ሰንበት አታውቅም። ቅዳሜም ጡቷ በወተት ይወጠራል፤ ካልታለበች ትታመማለች። ኦሪቱን አክብረው በኪቡትዝ፣ ማለትም በጋራ እርሻ ለመኖር ፍልስጤም የገቡ ወጣት አይሁዶችን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ነሳቸው። በሰንበት ማለብ ክልክል ነው፤ እንስሳ ማሠቃየትም ክልክል ነው። የዱሮው መላ አይሁድ ያልሆነ ሰው ጠርቶ ማሳለብ ነበር። ሥራችንን በገዛ እጃችን እንሠራለን ብለው ለመጡ ሰዎች ግን ይህ አልዋጥ አለ፤ በ1936 የዓረቦች አመፅ ሲነሣ ደግሞ አላቢ ማግኘትም ቸገረ። አንዱ መውጫ ወተቱን መሬት ላይ እያፈሰሱ ማለብ ሆነ፦ ላሟ ትድናለች፣ ገቢው ይቀራል። መፍትሔው የኋላ ኋላ የማለቢያ ማሽንና ከሰንበት በፊት የሚሞላ ሰዓት ሆነ።

ሰዎቹ በሁለት በኩል ተወጥረው ነበር። አብዛኞቹ ኪቡትዞች ሃይማኖትን ወደ ጎን ያሉ ሶሻሊስቶች ነበሩ፤ ብዙ ረቢዎች ደግሞ የግል ንብረት የሌለበትን ኑሮ በጥርጣሬ ያዩት ነበር። «ኦሪትና ሥራ» የሚለውን መርሕ ይዘው በ1935 የራሳቸውን ማኅበር፣ ሃኪቡትዝ ሃዳቲን፣ አቋቋሙ።

በ1937 ቤት ሸአን ሸለቆ ውስጥ ጢራት ጽቪን ተከሉ። ቦታው ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ግድም ነው፤ በሰኔ 1942 ሙቀቱ 54 ዲግሪ ደረሰ ተብሎ ተመዝግቧል። ስንዴው በሚያርበት በዚያ ሙቀት ተምር ይደላዋል፤ ዛሬ የመንደሩ ስም ከተምርና ከሥጋ ፋብሪካው ጋር ይነሣል። በ1949 ከብሪታንያ በመጡ ሰዎች የተመሠረተው ላቪ ደግሞ የምኩራብ ወንበር እየሠራ ለውጭ አገር ይሸጣል። ከእምነት እንጀራ ማውጣት ማለት ይህ ነው!

ከባዱ ፈተና ሰባተኛው ዓመት ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ምድሪቱ በሰባት ዓመት አንዴ ትረፍ ይላል፤ ባንክና ገበያ ግን አያርፉም። አብዛኞቹ መሬቱን ለዓመቱ አይሁድ ላልሆነ ሰው በውል በመሸጥ ማረሳቸውን ቀጠሉ። ከሌላ ማኅበር የሆነው ሃፌጽ ሃይም ግን ይህን ብልሃት አልቀበልም አለና አትክልቱን ያለ አፈር፣ በውኃ ማሳደግ ጀመረ።

ጢራት ጽቪ አጠገብ ያለው ስዴ ኤሊያሁ በ1939 የተመሠረተው ከናዚ ጀርመን ባመለጡ ወጣቶች ነው። በ1970ዎቹ ጣልያን የተወለደው ማርዮ ሌቪ ያለ ኬሚካል እናርሳለን ሲል ብዙዎች አላመኑትም ነበር። ዛሬ እዚያ ያለው ባዮ ቢ የተባለ ድርጅት ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ተባይ የሚበሉ ጥቃቅን አዳኞችንና የቲማቲም አበባ የሚያዳቅሉ ትልልቅ ንቦችን አርብቶ ይሸጣል። አይጥን ደግሞ ለጉጉት ተዉት፤ መርዙን ትተው በየማሳው የጉጉት ጎጆ ሳጥን ሰቀሉ። ጉጉት እንደ እኛ አገር ሁሉ በዮርዳኖስም የክፉ ነገር ምልክት ናት፤ ሆኖም ከ2002 ጀምሮ ከዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ ያሉ ዮርዳኖሳውያን ገበሬዎችም በዚሁ ሥራ ተሳትፈዋል።

የ1985ቱ የዕዳ ቀውስ ብዙ ኪቡትዞችን ሲያንገዳግድ ሃይማኖተኞቹ በአመዛኙ ተሽለው ተገኙ። ማኅበረሰባቸውን ያጠናው አርዬ ፊሽማን ብርታታቸውን ከሃይማኖታዊ ሕይወታቸው ጋር አያይዞታል። የላሟን ወተት መሬት ላይ ያፈሰሰ ገበሬ ከአቅሙ በላይ ለመበደር ቢያመነታ አያስገርምም።