ኮልታፋ

ኮልታፋ የምንለው አንዳንድ ድምፆችን አጥርቶ ማውጣት የሚቸግረውን ነው፤ ዕድሜው ከፍ ብሎም «ከበሮ»ን «ተበዮ» የሚለውን ልጅ። ሲናገር ቃል የሚይዘው ግን ተብታባ ነው፤ ሕክምናቸውም ይለያያል።

በውጭ አገር ግን ስሙ ያለቦታው ይለጠፋል። ሜሪላንድ ያለ፣ ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሦስትን «ትሪ» ቢል ኮልታፋ አይደለም። ምላስ በጥርሶች መካከል ወጥቶ የሚፈጥረው ያ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። እንግሊዝኛ የቀናው ልጅም «ቀለም»ን «ከለም» ይላል፤ «ቀ»ን ከየት ያምጣው? እውነተኛው ችግር ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፦ «ተበዮ» ባዩ ልጅ፣ በእንግሊዝኛም መኪናን «ታር» ይላል። ስለዚህ የንግግር ባለሙያው ሁለቱንም መስማት አለበት።

«አማርኛውን ተዉት» የሚለው ምክር ያናድደኛል። ሁለት ቋንቋ መልመድ ልጅን አያኮላትፍም፤ አንዱን መንጠቅ ግን ከአያቱ ያቆራርጠዋል። የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ፣ ከ3 ዓመት ጀምሮ ልጁ በተቻለ መጠን በራሱ ቋንቋ እንዲመረመር ያዛል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ አይጠይቅም። ወላጆች ምርመራውንም አስተርጓሚውንም በጽሑፍ ይጠይቁ።