በከርነል ውስጥ የማኅደረ ትውስታ ስሕተት አሰሳ ታሪክ

ከርነል የምንለው የኦፕሬቲንግ ሲስተም አስኳል ነው። ተራ ፕሮግራም የማይገባውን ማኅደረ ትውስታ ቢነካ ከርነሉ ይይዘዋል፤ ከርነሉ ራሱ ሲሳሳት ግን ከበላዩ ሆኖ የሚይዘው የለም። ስለዚህ ስሕተቱን የሚያጋልጠው መሣሪያ በዚያው በከርነሉ ውስጥ መሠራት ነበረበት። በዚህ አጭር ጥናት የሊኑክስን ታሪክ ይዘን፥ መሣሪያዎቹ ሲተካኩ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ቀረ እንመረምራለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሕተቶቹን በሦስት እንከፍላቸዋለን። አንደኛው ከተመደበው ቦታ ወሰን ማለፍ፥ ሁለተኛው የተለቀቀውን ቦታ መልሶ መጠቀም፥ ሦስተኛው ገና ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ማንበብ ነው። ሦስተኛው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በቦታው የቀረው የሌላ ሰው የምሥጢር ቃል ከሆነና ከርነሉ ለፕሮግራም ቀድቶ ከሰጠው፥ ምሥጢር ወጣ ማለት ነው።

በ2009 ቬጋርድ ኖስም የጻፈው ኬሜምቼክ ከሊኑክስ 2.6.31 ጋር ወጣ። ዋና ዓላማው ይህን ሦስተኛውን ስሕተት ማደን ነበር። ዘዴውም የማኅደረ ትውስታውን ገጽ ከፕሮሰሰሩ መሰወር ነው፤ ገጹ በተነካ ቁጥር ከርነሉ መዝገቡን ያያል፥ አንድ ትእዛዝ ብቻ ያሳልፋል፥ መልሶም ይሰውረዋል። በዚህ ምክንያት ማሽኑ በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ እንዲሠራ ይገደድ ነበር፤ እጅግም ይንቀረፈፍ ነበር።

በ2015 የአንድሬ ሪያቢኒን ካሳን ከ4.0 ጋር ገባ። በዚህኛው ኮምፓይለሩ ራሱ ከንባብና ከጽሕፈት በፊት ፍተሻ ያስገባል፤ ለየ8 ባይቱም 1 ባይት መዝገብ ይያዛል። በብዙ ፕሮሰሰር ስለሚሠራና ስለሚፈጥን፥ ኬሜምቼክ በጥር 2018 ከወጣው ከ4.15 ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ ካሳን የሚይዘው አንደኛውንና ሁለተኛውን ስሕተት ነው፤ ሦስተኛውን አያይም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሰኛል። በርግጥ ማንም የማያስኬደው መሣሪያ ምንም አይዝምና፥ የስረዛው ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ሦስተኛውን የሚጠብቀው ኬምሳን በታኅሣሥ 2022 ከ6.1 ጋር እስኪገባ ድረስ፥ ወደ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዋናው ከርነል ውስጥ ይህ በር ዘበኛ አልነበረውም።

እንግዲህ አንዱ መሣሪያ ሌላውን ተካ ሲባል፥ የትኛው ይፈጥናል ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ስሕተት ያለ ጠባቂ ቀረ ብሎ መጠየቅም ይገባል እንላለን።