የደረስጌ ዘውድና የደብር ጥል

ምእመናን ሆይ! በየደብሩ ዋጋ ሳይቀበሉ በፈቃዳቸው ከሚያገለግሉት ወገኖቻችን መካከል ጥል ሲነሣ ምክንያቱን ብንመረምረው፥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። «ጥላውን ስለምን እርሱ ያዘ? እኔ ደክሜ ሳለ ስሜ ስለምን ሳይጠራ ቀረ?» የሚል ነው። ነገሩ ቢያንስም ሥሩ ጥልቅ መሆኑን ከአገራችን ታሪክ እንረዳለን።

ከደባርቅ ማዶ፥ በስሜን ጃናሞራ፥ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠሯት የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሥራቸው ያማረ ነበር፤ ዳሩ ግን ሊነግሡባት አስበው ነበር። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በዚያው በደረስጌ ድል ነሷቸው። በጥቂት ቀንም ውስጥ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ካሣን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቀብተው አነገሧቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ተባሉ። ያሠሩት ታሰሩ፥ ሌላው ነገሡ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን የእመቤታችን ሆና እስከ ዛሬ ቆማለች።

እኛም ስለ ጥላና ስለ ከበሮ ስንጣላ ያንኑ ዘውድ በትንሹ መፈለጋችን ነው።

እንዲህም ስንል ቅሬታ አይሰማ ማለታችን አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ በዕለቱ ምግብ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው ሰዎች ባጉረመረሙ ጊዜ፥ ሐዋርያት አልገሠጿቸውም፤ 7 ሰዎች አስመርጠው ለሥራው ሾሙ እንጂ። እንግዲህ ቅር ያለው በጓዳ ከሚያማ በጉባኤ ይናገር፤ አገልግሎቱም በተራ ይሁን፤ ተራውን የጨረሰውም ጥላውን ለወንድሙ በደስታ ያስረክብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።